አሮጌ መርከብ ቆሻሻ የሚሆነው መቼ ነው? የመርከብ ማፍረስ ሥራ፣ አደገኛ ቆሻሻና የዜጎች የማወቅ መብት

ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2025) የባሕር ትራንስፖርቱ ዘርፍ ለረጅም ጊዜ ሲጠብቀው የቆየ አንድ ስምምነት በሥራ ላይ ውሏል። ይኸውም የአገልግሎት ዘመናቸውን የጨረሱ መርከቦች ሰውንና አካባቢን በማይጎዳ መንገድ እንዲፈርሱ የሚደነግገው የሆንግ ኮንግ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ነው። ኮንቬንሽኑ በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አማካይነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 ሲሆን ለተፈጻሚነቱ የተቀመጡት ቅድመ ሁኔታዎች እስኪሟሉ 14 ዓመታት፣ ከዚያም በሥራ ላይ እስኪውል ተጨማሪ ሁለት ዓመታት ወስዷል።

የባሕር በር የሌላት አገር ዜጋ ይህን ዜና ሲሰማ «እኛን ምን ያገባናል?» ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በጥሞና ሲታይ ከመርከብ አልፎ የሚሄዱ ጥያቄዎችን ያዘለ ነው። አንድ ዕቃ ዕቃነቱ አብቅቶ ቆሻሻ የሚሆነው መቼ ነው? በውስጡ ያለውን አደገኛ ነገር የማሳወቅ ግዴታ የማን ነው? ሳይታወቅ ከተፈታና ከተቆረጠስ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በሩቅ ባሕር ዳርቻ ብረት የሚቆርጠውን ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን በየሰፈሩ አሮጌ ባትሪ የሚሰበስበውን ቆራሌውንም፣ ያገለገለ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣውን ነጋዴም፣ በአጠገባቸው የምትኖረውን እናትም ይመለከታል። ይህ ጽሑፍ የመርከብ ማፍረስ ሥራ የሚያስከትለውን ብክለት፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰዱትን የሕግ እርምጃዎችና በአገራችን ሕግ ለዜጎች የተሰጠውን መብት ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

የሥራው አመጣጥ

አንድ የንግድ መርከብ በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 ዓመት ካገለገለ በኋላ የጥገናና የኢንሹራንስ ወጪው ከሚያስገኘው ገቢ ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ መርከቡን በክብደቱ ተምኖ ለማፍረሻ ይሸጠዋል። ከመርከቡ ክብደት ከ90 በመቶ የሚበልጠው ተመልሶ ጥቅም ላይ ሊውል ስለሚችል ሥራው በራሱ የሚጠላ አይደለም። ከቁርጥራጭ ብረት የሚመረት ብረት ከማዕድን ከሚመረተው ያነሰ ኃይል ይፈልጋል። ሞተሩ፣ ጀኔሬተሩ፣ ገመዱ፣ የወጥ ቤት ዕቃው፣ አልጋውና ወንበሩ ሳይቀር ገዢ አለው።

እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሥራው በብዛት ይከናወን የነበረው በአውሮፓ፣ በጃፓንና በታይዋን ነበር። በእነዚህ አገሮች የሠራተኛ ደመወዝና የአካባቢ ጥበቃ ወጪ እየጨመረ ሲሄድ ሥራው ጉልበት ርካሽ ወደ ሆነባቸውና ቁጥጥር ወደ ላላባቸው የባሕር ዳርቻዎች ተሸጋገረ። በባንግላዴሽ የሥራው አጀማመር ሲነገር ወደ አንድ አውሎ ነፋስ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1960 በቺታጎንግ አቅራቢያ በምትገኘው በሲታኩንዳ የተነሣ ከባድ አውሎ ነፋስ አልፓይን የተባለችውን የግሪክ መርከብ ከባሕሩ አውጥቶ ዳርቻው ላይ ጣላት። ወደ ውኃ መመለስ ስላልተቻለ ከዓመታት በኋላ አንድ የአካባቢው የብረት ድርጅት ገዝቶ አፈረሳት። ያ አጋጣሚ ወደ ቋሚ ሙያ አድጎ ዛሬ በሲታኩንዳ ዳርቻ መርከቦች ተሰልፈው ይፈርሳሉ። በሕንድ ጉጃራት ግዛት የሚገኘው አላንግ እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራ ጀመረ፤ በፓኪስታን ደግሞ ጋዳኒ አለ። ቻይና ከ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የውጭ መርከቦችን ለማፍረስ ማስገባት በመከልከሏ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓለም ላይ ከሚፈርሰው የመርከብ መጠን 80 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው በእነዚህ ሦስት የደቡብ እስያ አገሮች የሚስተናገድ ሆኗል።

መጪዎቹ ዓመታት ከእስካሁኑ የበለጠ ሥራ ይዘው ይመጣሉ። ቢምኮ የተሰኘው ዓለም አቀፍ የመርከብ ባለንብረቶች ማኅበር ባወጣው ትንበያ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2032 ባሉት አሥር ዓመታት ከ15,000 የሚበልጡ መርከቦች ለማፍረሻ ይቀርባሉ ተብሎ ይጠበቃል። የአዲሱ ኮንቬንሽን ጠቀሜታም የሚመዘነው ከዚህ ብዛት አንጻር ነው።

በመርከብ አካል ውስጥ የተደበቀው

ከሩቅ ለሚያየው ሰው መርከብ የብረት ክምር ነው። ሥራውን አደገኛ የሚያደርገው ግን ከብረቱ ጋር ተደባልቆ ያለው ሌላ ነገር ነው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• አስቤስቶስ፦ በሞተር ክፍል፣ በእንፋሎት ቧንቧዎችና በግድግዳዎች ላይ ሙቀትን ለመከላከል ሲለበጥ የኖረ የቃጫ ዓይነት ማዕድን ነው። ሲሰበር በዓይን የማይታይ ብናኝ ይወጣዋል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከአሥር እስከ አርባ ዓመት ከቆየ በኋላ ካንሰርና ሌሎች የማይድኑ የሳንባ በሽታዎችን ሊያስከትል ይችላል። በአዳዲስ መርከቦች ላይ መገጠሙ በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር የተከለከለው ከጁላይ 2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው ደግሞ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመሆኑ ዛሬ ለማፍረሻ በሚቀርቡት አሮጌ መርከቦች ውስጥ ይገኛል ተብሎ ይታሰባል።

• ፒ.ሲ.ቢ. በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቁት ኬሚካሎች፦ በአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን፣ በቀለምና በጎማ ማሸጊያዎች ውስጥ ይገኛሉ። በተፈጥሮ በቀላሉ የማይበሰብሱ ሲሆን በዓሣና በሰው አካል ስብ ውስጥ እየተከማቹ ይሄዳሉ።

• ከባድ ብረቶች፦ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና ሜርኩሪ በቀለሙ፣ በባትሪዎቹና በመለኪያ መሣሪያዎቹ ውስጥ ይገኛሉ። ቀለም የተቀባ ብረት በጋዝ ሲቆረጥ በጭስ መልክ ወደ ሠራተኛው ሳንባ ይገባሉ።

• በመርከቡ ታችኛ አካል ላይ የሚቀባው ቀለም፦ ባሕር ውስጥ ያሉ ፍጥረታት በመርከቡ ላይ እንዳይጣበቁ ለመከላከል ይውል የነበረው ትራይቡቲልቲን የባሕርን ሕይወት ክፉኛ የሚጎዳ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2008 በሥራ ላይ በዋለ ኮንቬንሽን ታግዷል። አሮጌ ሽፋኑ ግን ከሥር ሊኖር ይችላል።

• የነዳጅ ቅሪት፣ ዝቃጭና ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ፦ በታንከሮች ውስጥ የሚቀረው ጋዝ ደግሞ በአንድ የእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።

• የማቀዝቀዣና የእሳት ማጥፊያ ጋዞች፦ የኦዞን ንጣፍን የሚጎዱ ሲሆኑ ቧንቧው ያለጥንቃቄ ሲቆረጥ ወደ አየር ይለቀቃሉ።

ባሕር ዳርቻ ላይ ሲፈርስ

በደቡብ እስያ ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው መርከቡን በራሱ ሞተር እየነዱ ጭቃማ ዳርቻ ላይ በማውጣት ነው። የባሕር ሙላቱ ከፍተኛ በሆነበት ቀን ካፒቴኑ በሙሉ ፍጥነት ወደ ዳርቻው ይነዳዋል፤ ውኃው ሲሸሽ መርከቡ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ይቀራል። አላንግ ለሥራው ተመራጭ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ በባሕሩ ሙላትና ሽሽት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በዓለም ከታወቁት ከፍተኛ ልዩነቶች አንዱ መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ ሠራተኞች በጋዝ መቁረጫ ከአፍንጫው ጀምረው ወደ ኋላ ይቆርጡታል። የተቆረጠው ግዙፍ አካል በራሱ ክብደት ወደ ጭቃው ይወድቃል፤ ከዚያም በገመድ እየተጎተተ ወደ ደረቁ መሬት ይወጣል።

የዘዴው ዋነኛ ጉድለት ከመርከቡ ሥር ወለል የሌለው መሆኑ ነው። በተገነባ መዋቅር ላይ የሚሠራ ሰው የፈሰሰውን ዘይት ሊሰበስብ፣ የተፋቀውን ቀለም ሊጠርግ፣ ከባድ ማንሻ መኪና ሊያቆምና የአደጋ ጊዜ መኪና ሊያስገባ ይችላል። ጭቃ ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ በማግስቱ በሚመጣው ሙላት ታጥቦ ወደ ባሕር ይገባል። አሣ አስጋሪው የሚጥለው መረብ፣ ልጆቹ የሚመገቡት አሣና በዳርቻው ያለው ደን የጉዳቱ ተካፋዮች ይሆናሉ።

በሠራተኛው ላይ የሚደርሰው አደጋ ደግሞ ቀን የሚጠብቅ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት መርከብ ማፍረስን በዓለም ካሉ እጅግ አደገኛ ሥራዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2016 በጋዳኒ የነዳጅ ቅሪቷ ያልጸዳ አንዲት ነዳጅ ጫኝ መርከብ እየተቆረጠች ሳለ በተነሣ ፍንዳታና ቃጠሎ ቢያንስ 26 ሠራተኞች ሞተዋል። አደጋውን ማስቀረት የሚቻለው ከመቁረጥ በፊት በሚደረግ ሥራ ነበር፤ ታንከሩ ቢጸዳ፣ ጋዙ ቢለካ፣ በውስጡ ምን እንዳለ ለቆራጩ ቢነገረው ኖሮ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር።

በሌላ በኩል ሥራውን በአንድ ቃል ማገድ መፍትሔ ይሆናል ማለት አይቻልም። በባንግላዴሽ የአርማታ ብረት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃቸውን በከፍተኛ ደረጃ የሚያገኙት ከሚፈርሱ መርከቦች ነው። በሥራው የሚተዳደሩት ሠራተኞችም በአብዛኛው ከድሃ ገጠራማ አካባቢዎች የመጡ ናቸው። ሥራው ከአውሮፓ ወደ እስያ የተሻገረበት ታሪክ እንደሚያሳየው ደግሞ አንድ ቦታ የተከለከለ ነገር ቁጥጥር ወደ ላላበት ቦታ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ውይይቱ ሊያተኩር የሚገባው ሥራው በምን ሁኔታ ይሠራ፣ የጽዳቱንስ ወጪ ማን ይሸፈን በሚለው ላይ ነው።

መርከብ ወይስ ቆሻሻ?

አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚቆጣጠረው የባዝል ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ጸድቆ ከ1992 ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። የኮንቬንሽኑ መሠረት አንድ ቀላል መርሕ ነው፦ ተቀባዩ አገር የሚላክለትን ቆሻሻ ምንነት አስቀድሞ አውቆ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ምንም አይላክበትም። እ.ኤ.አ. በ1995 የጸደቀውና በዲሴምበር 2019 በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ደግሞ ያደጉ አገሮች አደገኛ ቆሻሻ ወደ ሌሎች አገሮች እንዳይልኩ ይከለክላል።

ታዲያ መርከብ ከዚህ ሕግ ሲያመልጥ የኖረው እንዴት ነው? ምክንያቱ መርከብ ራሱን በራሱ እየነዳ መሄድ የሚችል «ቆሻሻ» መሆኑ ነው። ባለንብረቱ ከወደብ ሲነሣ «ይህ መርከብ ነው፤ ጭነት ሊያደርስ ነው» ይላል። ባሕር መካከል ሲደርስ ለደላላ ይሸጠዋል። ደላላው ስሙን ይቀይራል፣ ሰንደቅ ዓላማውንም ቁጥጥር በማያበዛ አንድ ትንሽ አገር ሰንደቅ ዓላማ ይተካል። መርከቡ ዳርቻው ላይ ሲወጣ የቀድሞ ባለቤቱ ስም ከወረቀቱ ላይ የለም። የባዝል ኮንቬንሽን አባል አገሮች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳለፈው ውሳኔ አንድ መርከብ በሌሎች ሕጎች መርከብ ተብሎ ሳለ በባዝል ኮንቬንሽን ቆሻሻ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ውሳኔው የሕግ ክርክሩን ቢያጠራም «ለማፍረስ አስቤያለሁ» ብሎ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ባለንብረት እስከሌለ ድረስ በተግባር ማስፈጸሙ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል።

የዚህ ክርክር ታዋቂ ምሳሌ ክሌማንሶ የተባለችው የፈረንሳይ አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ናት። በ2005 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአላንግ ልትፈርስ ከቱሎን ወደብ ተነሥታ ወደ ሕንድ ስትጓዝ በውስጧ ያለው የአስቤስቶስ መጠን ስንት ነው የሚለው ጥያቄ በሁለቱም አገሮች ፍርድ ቤት ደረሰ። የተለያዩ ወገኖች የተለያየ መጠን ይናገሩ ነበር፤ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2006 ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ መርከቧ እንድትመለስ አዘዙ። በኋላም በእንግሊዝ አገር በሃርትልፑል ፈረሰች። ክሌማንሶ ለመመለስ የበቃችው የመንግሥት ንብረት በመሆኗና የሕዝብ ዓይን ስላረፈባት ነው። የሕዝብ ዓይን ያላረፈባቸው የንግድ መርከቦች ግን ጉዟቸውን ቀጥለዋል።

በተቀባዩም ወገን ለውጥ ያመጡት ጥያቄ ያነሡ ዜጎች ናቸው። የባንግላዴሽ የአካባቢ ጉዳይ ጠበቆች ማኅበር በጠበቃ ሰይዳ ሪዝዋና ሐሰን አማካይነት ባቀረበው አቤቱታ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2009 የአካባቢ ፈቃድ የሌላቸው ማፍረሻዎች እንዲዘጉና መርከቦች ወደ አገሪቱ ከመግባታቸው በፊት ከአደገኛ ቁሶች እንዲጸዱ ወስኗል። የውሳኔው አፈጻጸም አዝጋሚ ቢሆንም ጉዳዩ የዜጎች መብት ጉዳይ ሆኖ እንዲታይ መሠረት ጥሏል።

አፍሪካ በራሷ ላይ ያየችው

አፍሪካ ከመርከብ ጋር የተያያዘ አደገኛ ቆሻሻን በቅርብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሮቦ ኮዋላ የተባለች መርከብ በባሕር ላይ ነዳጅ በኮስቲክ ሶዳ ስታጥብ የተጠራቀመውን ዝቃጭ አምስተርዳም ላይ ለማራገፍ ሞከረች። የማጣሪያው ዋጋ ከፍ እንደሚል ሲነገራት ዝቃጩን መልሳ ጫነችው። በኦገስት ወር ከ500 ሜትር ኩብ የሚበልጠውን ይህን ዝቃጭ በአይቮሪ ኮስት አቢጃን ወደብ አራገፈች። በአካባቢው የተቀጠረ ድርጅትም በሌሊት በከተማዋ ዙሪያ በሚገኙ የተለያዩ ሥፍራዎች ደፋው። ነዋሪዎች በማግስቱ በሚያፍን ሽታ፣ በራስ ምታትና በትውከት ተነሡ። በአገሪቱ ባለሥልጣናት መግለጫ መሠረት 17 ሰዎች ሲሞቱ ከ100,000 የሚበልጡ ሰዎች ሕክምና ጠይቀዋል። ይህችው መርከብ ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ስም ልትፈርስ ወደ ባንግላዴሽ ልትሄድ ስትል የባንግላዴሽ መንግሥት እንዳትገባ ከልክሏታል። በአንድ ወቅት ቆሻሻ ያራገፈችው መርከብ በተራዋ ራሷ ማንም የማይፈልጋት ቆሻሻ ሆነች።

የአፍሪካ አገሮች እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድመው በማየት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1991 በማሊ ርእሰ ከተማ የባማኮ ኮንቬንሽንን አጽድቀው ነበር። ለዚህም ካነሣሷቸው ድርጊቶች አንዱ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ከጣሊያን የመጣ መርዛማ ቆሻሻ በናይጄሪያ ኮኮ በተባለች ከተማ በበርሜል ተከማችቶ መገኘቱ ነው። የባማኮ ኮንቬንሽን ከባዝል የሚለየው ፈቃድ በመጠየቅ ላይ ሳይወሰን ከአፍሪካ ውጭ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አባል አገሮች እንዳይገባ ጨርሶ በመከልከሉ ነው። የአቢጃን አደጋ የደረሰው ይህ ክልከላ በሥራ ላይ ውሎ ሳለ መሆኑ ግን ሕግ መኖሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያሳያል። ዝቃጩ ወደ ወደቡ የገባው በትክክለኛ ስሙ አልነበረምና።

አዲሱ ኮንቬንሽን የለወጠውና ያልለወጠው

የሆንግ ኮንግ ኮንቬንሽን ዋና ቁም ነገር መርከቡ ከመፈረሱ በፊት በውስጡ ያለው እንዲታወቅ ማስገደዱ ነው። በዚህ መሠረት 500 ጠቅላላ ቶን እና ከዚያ በላይ የሆነ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የሚሠማራ የንግድ መርከብ የአደገኛ ቁሶች ዝርዝር መዝገብ ሊኖረው ይገባል። መዝገቡ አደገኛው ቁስ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ክፍል እንደሚገኝና መጠኑን ያሳያል። አዳዲስ መርከቦች ሲሠሩ መዝገቡን ይዘው የሚወጡ ሲሆን ነባሮቹ እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ወይም ከዚያ በፊት የሚፈርሱ ከሆነ ከመፍረሳቸው በፊት እንዲያዘጋጁ ይጠበቃል። ማፍረሻውም ከአገሩ መንግሥት ፈቃድ ማግኘትና ለእያንዳንዱ መርከብ የተለየ የማፍረስ ዕቅድ ማዘጋጀት አለበት። መርከቡ ከመቆረጡ በፊት ተመርምሮ ለመፍረስ ዝግጁ መሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

ኮንቬንሽኑ በሥራ ላይ ሊውል የቻለው እ.ኤ.አ. በ2023 ባንግላዴሽና ላይቤሪያ በመቀላቀላቸው ነው። ሕንድ ቀድማ በ2019 የገባች ሲሆን ፓኪስታንም በኋላ ተከትላለች። ስለሆነም ሥራው በብዛት የሚሠራባቸው አገሮች ሁሉ በስምምነቱ ታቅፈዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ያልተመለሱ ጉዳዮችም አሉ። አንደኛ፣ ኮንቬንሽኑ መርከብን ዳርቻ ላይ አውጥቶ የማፍረስ ዘዴን አልከለከለም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በአንጻሩ የአባል አገሮችን ሰንደቅ ዓላማ የያዙ መርከቦች በተገነባ መዋቅር ላይ በሚሠሩ ማፍረሻዎች ብቻ እንዲፈርሱ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ከመርከቡ የወጣው አስቤስቶስና ዝቃጭ ከማፍረሻው አጥር ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚሰጠው ዋስትና ደካማ ነው። ሦስተኛ፣ አፈጻጸሙ የሚወሰነው መርከቡ በያዘው ሰንደቅ ዓላማ አገርና በሚፈርስበት አገር በመሆኑ በመጨረሻው ጉዞ ላይ ሰንደቅ ዓላማ መቀየር እስካልተገታ ድረስ ክፍተቱ ይቀጥላል። አራተኛ፣ የጦር መርከቦች በኮንቬንሽኑ አይሸፈኑም። በእነዚህ ምክንያቶች የባዝል ኮንቬንሽን መርሕ ከአዲሱ ኮንቬንሽን ጎን መቀጠል አለበት የሚሉ ወገኖች ክርክር ገና አልተዘጋም።

ለአገራችን ያለው ትርጉም

ኢትዮጵያ ወደብ ባይኖራትም የንግድ መርከቦች ባለቤት ናት። በአገር ውስጥ ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች ላይ የሚሠሩ ወጣት ባሕረኞችም አሏት። የአደገኛ ቁሶች መዝገብ ለእነዚህ ወጣቶች ከመፍረስ በፊትም ይጠቅማቸዋል። በሚሠሩበት ሞተር ክፍል ውስጥ ያለው የቧንቧ ሽፋን አስቤስቶስ መሆን አለመሆኑን ከመንካታቸው በፊት ማወቅ ይገባቸዋልና።

ከዚህ በላይ ግን ለአብዛኛው ዜጋ ቅርብ የሆነው ጉዳይ ሌላ ነው። መርከብ በአገራችን አይፈርስም፤ በመርከብ ውስጥ ያሉት አደገኛ ቁሶች ግን በየአካባቢያችን በሚፈርሱ አነስተኛ ዕቃዎች ውስጥ አሉ። የመኪና ባትሪ እርሳስና አሲድ ይዟል። የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይት ፒ.ሲ.ቢ. ሊኖርበት ይችላል። መዳቡን ለማውጣት የሚቃጠል የኤሌክትሪክ ገመድ መርዛማ ጭስ ያወጣል። ከማቀዝቀዣ የሚለቀቅ ጋዝ፣ ከጋራዥ ወደ ቦይ የሚደፋ የተቃጠለ ዘይት፣ አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ የሚሰበር የአስቤስቶስ ክዳን ሁሉም ከዚሁ ይመደባሉ። ከምናለሽ ተራ ጀምሮ በየከተማው ውዳቂ ብረት ገዝተው፣ ቀጥቅጠውና ቀልጠው ጥቅም ላይ የሚያውሉ ዜጎቻችን ለኢኮኖሚው የሚሰጡት አገልግሎት ትልቅ ነው። የሚገዙት ዕቃ በውስጡ ምን እንደያዘ የሚነግራቸው ግን ብዙ ጊዜ የለም። የሲታኩንዳው ቆራጭና የእኛው ቀጥቃጭ የሚጋሩት ችግር ይህ ነው።

ያገለገሉ ዕቃዎች ከውጭ ሲገቡም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። በጥገና የሚሠራ ኮምፒዩተር ዕቃ ነው፤ የማይሠራው ግን ቆሻሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በባዝል ኮንቬንሽን ማሻሻያ መሠረት ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ከተቀባዩ አገር አስቀድሞ ፈቃድ ሳይገኝ ድንበር ማቋረጥ አይችልም። በመጫኛ ሰነድ ላይ «ያገለገለ ዕቃ» ተብሎ መጻፉ ብቻ የዕቃውን ምንነት አይለውጠውም።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ድንጋጌዎች

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አገራችን የባዝል ኮንቬንሽንን በ1992 ዓ.ም. ተቀላቅላለች፤ የባማኮ ኮንቬንሽንንም በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። በአገር ውስጥ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለዜጎች የዕለት ተዕለት ኑሮ ቅርብ የሆኑትን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1. ፈቃድን በተመለከተ፦ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም የሚመለከተው የክልል አካል ሳይፈቅድ አደገኛ ቆሻሻ ማመንጨት፣ ማከማቸት፣ ማጓጓዝ፣ ማከም ወይም ማስወገድ የተከለከለ ነው። አሮጌ ባትሪ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በመሰብሰብና መልሶ በማምረት ሥራ ለመሠማራት የሚፈልግ ዜጋ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወደነዚህ አካላት ቀርቦ ማነጋገር ይጠበቅበታል።

2. ጥንቃቄን በተመለከተ፦ አደገኛ ቆሻሻን የሚሰበስብ፣ የሚያጓጉዝ፣ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል ወይም የሚያስወግድ ማንኛውም ሰው በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት። ሠራተኛ የቀጠረ ሁሉ ዕቃው ምን እንደያዘ አስቀድሞ ለሠራተኛው ሊነግረው ይገባል።

3. መረጃን በተመለከተ፦ ስለ አደገኛ ቆሻሻ መረጃ መደበቅና በሕገወጥ ዝውውሩ መተባበር በሕግ ያስጠይቃሉ።

4. አቤቱታን በተመለከተ፦ ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ይችላል በሚለው ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ጉዳቱ በግሉ የደረሰበት መሆኑን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። አቤቱታው በቀረበ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በተሰጠው ውሳኔ ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ሊሰጥ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

አቤቱታ አቅራቢዎች ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የታየውን ፈሳሽ፣ ጭስ ወይም ሽታ በጽሑፍ ቢያሰፍሩ፣ አቤቱታው ስለመቀበሉም ማስረጃ ቢይዙ የ30 ቀኑን ጊዜ ለመቁጠር ይረዳቸዋል። ምንነቱ ያልታወቀ በርሜል፣ ዱቄት ወይም የቃጫ መሰል ሽፋን ያገኘ ሰው ሳይከፍትና ሳይሰብር ለሚመለከተው አካል ቢያሳውቅ ራሱንም ጎረቤቱንም ይጠብቃል። በቤት ውስጥ ደግሞ የባትሪ አሲድ መሬት ላይ አለመድፋት፣ ገመድና ፕላስቲክ አለማቃጠል፣ እርሳስ በሚቀልጥበት አካባቢ ሕፃናትን አለማቆየት የማንንም ፈቃድ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው።

በመጨረሻም፣ በሲታኩንዳ፣ በጋዳኒና በአቢጃን የደረሱት ጉዳቶች መነሻቸው አንድ ነው፤ አደገኛው ነገር በሌላ ስም ተጠርቶ በማያውቀው ሰው እጅ ገብቷል። አዲሱ ኮንቬንሽን በመርከብ ላይ ይህን ለማረም ዝርዝር መዝገብ አስገድዷል። በየሰፈራችን ለሚገዛውና ለሚሸጠው አሮጌ ዕቃ መዝገብ የለውም፤ ያለው ገዢና ሻጭ የሚለዋወጡት ቃል፣ ጎረቤት የሚያቀርበው አቤቱታና ሕጉን ለማስፈጸም የተሾመው አካል የሚሰጠው ምላሽ ነው። «ይህ ዕቃ በውስጡ ምን አለው?» ብሎ መጠየቅ ለማንኛውም ዜጋ የተፈቀደ ነው፤ የሚያውቀውን መንገር ደግሞ የሻጩ ግዴታ ሊሆን ይገባል።